ለአጭር ሰው ረጅም ሳይክል

እንድሪስ በሙሀመድሰይድ ላይ እጁን ላያሳርፍ ምሏል። የማለውም ባለ ደም በሚያስታርቀው ሽማግሌ በአበጋሩ ፊት፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው ዋርካ ሥር፣ እናቱ እያለቀሰች፣ አገር እያየ ነው። ስለዚህ አላሳረፈበትም። ከአንድ ቀን በቀር ጫፉን ነክቶት አያውቅም፤ ያንን አንድ ቀንም በቦታው አወራዋለሁ።

ነገሩ የውኃ ነገር ነው። በራያ ቆላ እህል የሚያበላው ከላይ የሚዘንበው ብቻ አይደለም፤ ከደጋ ተንደርድሮ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ገበሬው ከወንዙ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል፤ ለዚህም ተራ አለው። ተራ የሚያስረሳ ነገር ካለ ግን የሚፈስ ውኃና የተጠማ ማሽላ ነው። በሰማንያ ዘጠኝ ክረምት፣ ከቀትር በኋላ ጎርፉ ሲወርድ፣ የእንድሪስ ታላቅ ወንድም ታሂርና የማሳ ጎረቤቱ ሙሀመድሰይድ ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው ተባባሉ። ሙሀመድሰይድ በያዘው አካፋ መታው። ታሂር ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ውኃውም ተራው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ በላዩ ላይ አልፎ ወደ ገዳዩ ማሳ ገባ። በዚያ ዓመት የሙሀመድሰይድ ማሽላ አማረ። እንድሪስ ከአካፋው ይልቅ ያንን ማሽላ ነው የማይረሳው።

ሙሀመድሰይድ ታሰረ፤ ታስሮም ወጣ። ሲወጣ አገሩ በሙሉ ዓይኑን እንድሪስ ላይ ተከለ። በቆላ ደም ተኝቶ አያድርም፤ እንድሪስም ለመሣሪያ የሚሆን ሰው መጠያየቅ ጀምሮ ነበር። ይህን የሰማች እናቱ ኡሙሃኒ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አበጋሩ ደጅ ሄዳ ወደቀች። አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛውን ወይ ቀብሬ ወይ ስንቅ እያመላለስኩለት አልሞትም አለች። አበጋሩም ደም ሊያደርቅ ተቀመጠ። ሙሀመድሰይድ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ፤ የኡሙሃኒን እግር ሳመ። እሷም ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ በገዛ እጇ አወረደችለት።

የዕርቁ ቃል አጭር ነበር። አበጋሩ እንድሪስን፣ እጅህን አታሳርፍበት፣ ሰላምታህን አትንፈገው፣ የእጅህን ሥራ አትከልክለው አለው። ወደ ሙሀመድሰይድ ዞሮ ደግሞ እንዲህ አለ፤

«አንተም ይህ ሰው በእጁ የሰጠህን ሳታስቀምስ ትቀበላለህ። ተጠራጥረህ ከእጁ ወደ ሌላ እጅ ብትሄድ፣ ዕርቁን ያፈረስከው አንተ ነህ።»

ሁለቱም አሚን አሉ። የአንደኛው አሚን ከጉሮሮው በታች አልወረደም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እንድሪስ ግን ሳሉን አፍኖ መያዝ የሚችል ሰው ነበር።

እንድሪስ ቆቦ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ሳይክል ይሠራል። ቆቦ ሜዳ ናት፤ ሳይክል ይስማማታል። ሥራውን የተማረው በልጅነቱ ባሕር ዳር ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌውም ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረው አጥንት ማየትን ነበር። ጎማው፣ ኮርቻው፣ ፍሬኑ፣ ይህ ሁሉ ሥጋ ነው፤ ሲያልቅ ይቀየራል። ቱቦ ከቱቦ ተበይዶ የተሠራው ዋናው አካሉ ግን አጥንት ነው፤ ሲሠራ የረዘመ ረዝሟል፣ ያጠረ አጥሯል። አጥንቱ ለሰውየው ልክ ከሆነ ሰውየው ሳይክል ላይ መሆኑን ይረሳል። ልክ ካልሆነ በእያንዳንዱ ርግጫ ትዝ ይለዋል። እንድሪስ ይህን ለዓመታት የተጠቀመበት ሰው እንዳይታመም ነበር።

ሙሀመድሰይድ ከእስር ከወጣ በኋላ ሜዳው ላይ የመስኖ ጥልቅ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በውኃ ሰው የገደለ ሰው ውኃ እንዲጠብቅ ተቀጠረ፤ እንግዲህ ምን ይባላል። ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚዞሩበት ብለው ለሦስቱ ጠባቂዎች ሦስት ሳይክል አመጡላቸው። ሳይክሎቹ ተበታትነው በካርቶን እንደታሸጉ፣ እንዲገጣጠሙ እንድሪስ ደጅ ወረዱ። እንድሪስ ካርቶኖቹን ሲከፍት ሁለቱ ረጃጅም ሆነው አገኛቸው፤ አንዱ አጭር ነው። አጭሩን ብድግ አድርጎ አየው። ለማን እንደተሠራ ወዲያው ገባው። ሙሀመድሰይድ ደረተ ሰፊ ሆኖ እግሩም ክንዱም አጭር ሰው ነው፤ በዓለም ላይ ያ ሳይክል ከእሱ ሌላ ጌታ ያለው አይመስልም ነበር።

እንድሪስ አጭሩን ሳይክል ከጓሮ አስገባውና ረጅሙን ሰማያዊ ጎትቶ አወጣ። ልቡ ይመታ ነበር። ከዋርካው ሥር ከተነሣ ጀምሮ እንደዚያ መትቶ አያውቅም። እጅህን አታሳርፍ እንጂ ልኩን ስጠው ያለው ማንም የለም።

የቀረውን አገሩ ራሱ ሠራለት። የዚያ አገር ሰው ያን ጊዜ ከሳይክል ይልቅ የሚያውቀው በቅሎ ነው፤ ሳይክልንም የሚመርጠው እንደ በቅሎ በቁመት ነው። ረጅሟ ለተከበረ ሰው፣ አጭሯ ለልጅ። በቅሎ ላይ ግን የሚሠራው የበቅሎዋ እግር ነው፤ የጌታዋ እግር ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሳይክል ላይ የሚሠራው የባለቤቱ የራሱ እግር ነው። ሰው ሁሉ የሚስተው ይህችን ነው፤ እንድሪስም ሊያስታውሳቸው አልፈለገም።

«አያ ሙሀመድሰይድ፣ ይኼ ላንተ ነው» አለ፣ ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው እንዲሰማ አድርጎ።

ሙሀመድሰይድ ሳይክሉን ዞሮ አየው። ትንሽ አልረዘመም ወይ ብሎ ጠየቀ። ደጁ በሳቅ ፈረሰ። በቅሎዋ ረዘመችብኝ ብሎ ያዘነ ሰው ዛሬ ገና አየን አለ አንዱ። የመስኖ ሹም ሆነህ እንደ ሕፃን ልትቀመጥ ነው እንዴ አለው ሌላው። ሙሀመድሰይድ እንድሪስን ቀና ብሎ አየው። እንድሪስ ፈገግ አለለት። ሰውየው በእጁ የሰጠውን ሳያስቀምስ ሊቀበል አሚን ብሏል፤ ድንጋይ ላይ ቆመና እግሩን አሻግሮ ወጣ።

እንድሪስ ሥራውን በአጥንቱ ብቻ አልተወውም። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎለታል፤ ማንም መጥቶ ቢያይ ዝቅ አድርጎለታል ነው የሚለው። አጥንቱ ረጅም ስለሆነ ግን መጨረሻው ራሱ ለሙሀመድሰይድ ከፍ ይልበታል፤ ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ኮርቻውን ወደ ኋላ ገፋ፣ መሪውን ወደ ፊት አራቀው፤ አጭሩ ክንድ እንዲንጠራራ። የፊት ጎማውን የሚያቅፈውን ሹካም ቀየረው። ጥሩ ሹካ ጫፉ ላይ ወደ ፊት ጎበጥ ይላል፤ ያቺ ጉብጠት ናት የመንገዱን ጉርብጥብጥ የምትውጠው። እንድሪስ ከወዳደቀ ዕቃ መካከል ቀጥ ያለ አሮጌ ሹካ ፈልጎ ገጠመበት። በእሱ ላይ የተቀመጠ ሰው እያንዳንዷን ጠጠር በእጅ አንጓው ይቆጥራታል።

ከዚያ ወዲያ ደስ የሚል ዘመን መጣ። አልዋሽም፣ ለእንድሪስ ደስ የሚል ዘመን ነበር። ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ በርጩማውን አውጥቶ ይቀመጥና ሙሀመድሰይድ ከሩቅ ሲመጣ ያያል። አንገቱ እንደ ኤሊ ወጥቶ፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ዳሌው እየተወላገደ ይመጣል። ሲደርስ ይወርዳል፤ ለመውረድ ሳይክሉን ያጋድላል፤ አንዳንዴ እግሩ መሬት ሳይደርስ ቀርቶ ያ የላይኛው ቱቦ ብሽሽቱን ሲነካው ዓይኑ ይፈጣል። እንድሪስ ተነሥቶ አሰላሙ አለይኩም ይለዋል። ሰላምታ አልነፈገውም።

ሙሀመድሰይድ አመመኝ ሲል እንድሪስ ከልቡ ያዳምጠዋል። ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች ሲለው፣ የመሪው ነገር ነው ይልና መሪውን አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ወገቤን ሲለው ኮርቻውን ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋል። ብሽሽቴን ሲለው የኮርቻውን አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። ሁልጊዜም ከልቡ፣ መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ፣ እንደ ሐኪም። ሙሀመድሰይድም ሁልጊዜ አላህ ይስጥህ ብሎ ይሄዳል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህን ነው፤ እንድሪስም ውኃ መሆኑ ደስ አሰኘው። በአካፋ መምታት የአንድ አፍታ ነገር ነው። ይህኛው ጧት ተነሥቶ ማታ ይገባል፤ የጎሊናን ወንዝ ተሻግሮ እስከ ሮቢት ይሄዳል፤ ለአርብ አያርፍም።

የኃፍረት ስሜት አልነበረበትም ወይ ብትሉ፣ ነበረበት፤ መስጊድ ሲገባ ከኋላ መቆም አብዝቶ ነበር። ግን ወዲያው የዚያ ዓመት ማሽላ ትዝ ይለዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እጄን አላሳረፍኩበትም እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ሌሊት ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አይዞርም ነበር። ታሂር ከሞተ ወዲህ ተኝቶ አያውቅም፤ የበቀሉ ደስታም ቀን ቀን ነበር እንጂ ሌሊቱን ሊሸፍንለት አልቻለም።

ያናደደው እናቱ ናት። ሙሀመድሰይድ በየበዓሉ ሥጋ ይዞላት ይመጣል፣ ደጇን ይጠግናል፣ እሷም ልጄ ትለዋለች። በአረፋ ዕለት ጎብጦ ሲገባ አየችውና ደነገጠች። አስቀምጣ ማጅራቱን በቅቤ አሸችው። እንድሪስ በሩ ላይ ቆሞ የእናቱ ጣቶች በገዳዩ አንገት ላይ ሲመላለሱ አየ። ጥርሱን ነክሶ ወደ ውጭ ዞረ።

«እንድሪስዬ፣» አለችው ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ «ያ ሳይክል ነው የሚያሳምመው ይሉኛል። ያንተ እጅ እያለለት እንዲህ ይሁን?»

አየዋለሁ እማ አላት። በማግሥቱም አየው፤ ኮርቻውን ሌላ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አልፎ ሌላው ተጋመሰ። አንድ የገበያ ቀን ከበደ የሚባል የጎብዬ ሳይክል ሠሪ ኩሽኔታ ቸግሮት እንድሪስ ዘንድ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ስለ ሥራ ሲያወጋ፣ ባለፈው ዓመት በልግ ያጋጠመውን ነገር አነሣ። ለለቅሶ ጎብዬ የመጣ አንድ ጠና ያለ አጭር ሰው ጎማው ፈንድቶበት ደጁ ቆሞ ነበር። ሳይክሉ ረጅም ሰማያዊ ነው።

«ጎማውን ለጠፍኩለትና ሲወጣበት አየሁት» አለ ከበደ። «አንጀቴን በላው። ወንድሜ፣ ይኼ አጥንት ያንተ አይደለም፤ አንድ ክንድ ለሚረዝምህ ሰው የተሠራ ነው፤ ባይሆን መሪውንና ኮርቻውን በነፃ ላቅርብልህ አልኩት። ስሕተት ነው ወይስ ሆን ብሎ የተሠራ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሹካውን አየሁት። ይኼ የማያውቅ ሰው ሥራ አይደለም፣ በደንብ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው አልኩት።»

እንድሪስ መፍቻውን አስቀመጠ። ታዲያ ምን አለህ ብሎ ጠየቀ።

«ምንም። ተወው አትንካው አለኝ። ደስ ያለው ሰው ይመስል ነበር እኮ። ወጣበትና እየተወላገደ ሄደ።»

ከበደ ኩሽኔታውን ይዞ ሄደ። እንድሪስ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። ካለፈው ዓመት በልግ ጀምሮ ሰውየው ያውቃል። መሪው ዝቅ ሲል ያውቃል፤ ኮርቻው ሲገፋ ያውቃል፤ እያወቀ አላህ ይስጥህ ይላል። እንድሪስ በመጀመሪያ አፈረ፤ ኃፍረቱ ግን ብዙም አልቆየ፣ ወደ ንዴት ተለወጠ። ያ ሁሉ ጠዋት በርጩማ አውጥቶ የጠበቀው፣ ያ ሁሉ የጣፈጠው ነገር፣ ሌላ ሰው ፈቅዶ የሰጠው ነበር። ወንድሙን ወሰደበት፣ እናቱን ወሰደበት፣ አሁን ደግሞ ቂሙ ውስጥ ገብቶ እየበላበት ነው። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ መተኛት እንደማይችል ገባው፤ ለነገሩ ድሮም አይተኛም።

በማግሥቱ ሙሀመድሰይድ እንደ ልማዱ መጣ። እንድሪስ ሰላምታውን ሰጠው፤ ወደ ውስጥ አስገብቶ አስቀመጠው። ያወቅህ ለታ ለምን አልመጣህብኝም ብሎ ቀጥታ ጠየቀው። ሙሀመድሰይድ አልደነገጠም። የጎብዬውን ነገር ሰምተሃል ማለት ነው አለና የደነዘዙ ጣቶቹን እያሸ መሬት መሬት አየ።

«እንድሪስ፣ እኔ እስር ቤት ከርሜ አንድም ቀን የተቀጣሁ መስሎኝ አያውቅም። እዚያ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሳቃል። አበጋሩ ፊት ድንጋይ ተሸከምኩ፤ እናትህ ወዲያው አወረደችልኝ። ኧረ ትንሽ ይክበደኝ ልላት ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ በተኛሁ ቁጥር ታሂር ከጭቃው እየተነሣ ይመጣል። ዓይኔን አልከድንም ነበር።»

«እሺ፣» አለ እንድሪስ።

«መጀመሪያ ሳይክሉ ሲያመኝ ክፉ ዕድል መስሎኝ ነበር። ጎብዬ ላይ ያ ሰው ሆን ተብሎ ነው ሲለኝ፣ ወላሂ፣ ከላዬ ሸክም ወረደ። የሚያስከፍለኝ ሰው ተገኘ አልኩ። ያን ለታ ማታ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን በዚህ ሳይክል ላይ እከፍላለሁ፣ ማታ እተኛለሁ። ታሂር መምጣቱን ተወኝ።» ቀና ብሎ አየው። «ስለዚህ አላህ ይስጥህ ስልህ ከልቤ ነው። እንዳትነካው። እንዲህ እንዳለ ተወው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስ ነበር። ሌላ ተራኪም እዚህ ላይ አስታርቋቸው ይጨርስ ነበር። እንድሪስ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ነው የሰማው። ይተኛል። ታሂርን በአካፋ የመታው ሰው ይተኛል፤ የታሂር ወንድም ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተክሎ ያነጋል። ያስተኛውም እሱ ራሱ ነው፤ በገዛ መፍቻው፣ አንድ ጣት አንድ ጣት እየለካ። ከዚህ በላይ የሚያቃጥል ነገር በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም። ቃጠሎው ግን ወዲያው ቀዘቀዘና በቦታው ሌላ ነገር መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ነገር።

ተነሣና ጓሮ ገባ። አቧራ የጠጣውን አጭሩን ሳይክል ይዞ ወጣ። ካርቶኖቹ የመጡ ዕለት ደብቆ ያስቀረው ያ ነው፤ ሦስተኛው ጠባቂ ሥራውን ትቶ ስለሄደ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሙሀመድሰይድ ሳይክሉን አየ፤ ቀስ ብሎም ምን ሊሆን እንደሆነ ገባው።

«አታድርገው» አለ።

«ና ቁም» አለው እንድሪስ።

«እንድሪስ፣ በአላህ። በዚያው ልክፈል።»

«በእጄ የሰጠሁህን ሳታስቀምስ ትቀበላለህ። አሚን ብለሃል።»

ሙሀመድሰይድ ቆመ። እንድሪስም ያንን መጀመሪያ ላይ ያነሣሁትን አንድ ቀን ያን ጊዜ ኖረው፤ እጁን አሳረፈበት። ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ አስቀመጠና እግሩ ሳይንጠራራ ቀጥ እስኪል ኮርቻውን አስተካከለ። ክንዱን ይዞ ክርኑን ከኮርቻው አፍንጫ ጋር አገጣጠመ፤ የጣቶቹ ጫፍ የት እንደሚደርስ አይቶ መሪውን እዚያ አሰረው። ጥሩ የጎበጠ ሹካ ገጠመለት። ኮርቻውን እንደ ውኃ ልክ አስተኛለት። በሥራው ዘመን ለማንም ሰው፣ ለገዛ ራሱም ቢሆን፣ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። ስስት የሚባል ነገር አላሳየም፤ የጠላትነቱን ሁሉ ጨመረበት።

ሲጨርስ ሳይክሉን ወደ ደጅ ገፍቶ አወጣና ውጣበት አለው። ሙሀመድሰይድ ድንጋይ አላስፈለገውም፤ እግሩን አሻግሮ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ቆመ። ሄደ። አስፋልቱ ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ ዞሮ ተመለሰ። ወገቡ ቀና ብሏል፤ ትከሻው ወርዷል፤ ዳሌው አይወላገድም። ከጎን ያለው ሻይ ቤት ደጅ የተቀመጡት፣ ማሻአላህ፣ ሰውየው ወጣት ሆነ ተባባሉ። ፊቱን ያየው እንድሪስ ብቻ ነው። ከአባቱ ቤት የተባረረ ሰው ፊት ነበር።

ወዲያው ተመልሶ ወረደና ሰማያዊውን ስጠኝ፣ ለመታሰቢያ ብቻ፣ አልወጣበትም አለው። እንድሪስ መጋዙን አንሥቶ ረጅሙን ሰማያዊ አጥንት ከመሐሉ ቆረጠው፤ ሙሀመድሰይድ ቆርጦ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ አየ። የቱቦው ፍርፋሪ ከእግሩ ሥር ወደቀ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ አንዳች ሳይመቸው ተመችቶት፣ ወደ ጉድጓዶቹ ሄደ።

ያን ሰሞን ኡሙሃኒ ልጇን መረቀችው። ወገቡን አቀናህለት፣ አላህ ያቅናህ አለችው። ትንሽ ቆይታ ግን ግራ ገብቷት ተመለሰች፤ ሙሀመድሰይድ ጀርባው ከዳነ ወዲህ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሌሊት ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ በማሳው ሲዞር ሀጀራ፣ ሚስቱ፣ አግኝታዋለች፣ ምን ነክቶት ይሆን አለችው። እንድሪስ እንጃ እማ አላት። ከዚያ ገብቶ ጋደም አለ፤ ታሂር ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገላበጥ ተኛ።

እስከ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በርጩማውን ያወጣል። ሙሀመድሰይድ በአጭሩ ሳይክል ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ደጁ ላይ ሲደርስ ሳይጠሩት ይቆማል። እንድሪስ ይነሣል፤ ሰላምታውን ይሰጠዋል።

«አያ ሙሀመድሰይድ፣ እንዴት ነው ሳይክሉ? የሚያምህ ነገር አለ?»

ሙሀመድሰይድ ለረጅም ጊዜ ያየዋል። ትንሽ ነገር፣ አንዲት ጣት ብትደነዝዝ እንኳ ብሎ ገላውን በሙሉ የሚፈትሽ ይመስላል።

«የለም» ይላል በመጨረሻ። «አያመኝም።»

«አልሀምዱሊላህ» ይለዋል እንድሪስ፣ መፍቻውን እየጠረገ።